ቦሌ አራብሳ ላላችሁ እናቶች፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችንን ላመስግን

ስሟን አልጽፍም። ስልኳንም በውስጥ መስመር አትጠይቁኝ፤ ያለዚያም ስልኳ እረፍት የለውም። አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤት ለቤት የምትዞረዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት ካልኩ እኛ ብሎክ አካባቢ ያላችሁ ወዲያው ታውቋታላችሁ። ትልቅ ቦርሳ አንግታ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሳታለከልክ የምትወጣዋ። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት።

ልጄ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሲስተር ቤታችን መጥታ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ውሃ ማጠራቀሚያችን፣ ስለ ሽንት ቤቱ ጠይቃ ጻፈች። ጨረሰች ስል "አንቺስ? ከወለድሽ ወዲህ ሰውነትሽ እንዴት ነው?" አለችኝ።

ከክርስትናው ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኛ አገር አራስ መሆን ደስ ይላል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለው ጎረቤት አይጎድልም። ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ሞልቶ ልጁ ክርስትና ሲነሳ ግን እናትየው ድና አለቀላት ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም (1156/2011) ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላማ ሥራ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ጀሪካን።

"ደህና ነኝ" አልኳት። በዚህ የምትመለስ ሰው አይደለችም። "ስታስነጥሺ ሽንት ያመልጥሻል? ስትስቂስ? ደረጃ ስትወጪስ?"

ያመልጠኛል። ወገቤንም ያመኛል፣ ስነሳ ያዞረኛል። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ስናገር "ወልደሽ የለ እንዴ፣ ያለ ነው" ተብዬ የህመም ማስታገሻ ይዤ ተመልሻለሁ። ቆሜ ማስቀደስም እየቀረ ነበር። ምክንያቱን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም፤ ምን ብዬ ልንገረው?

ሲስተር አልደነገጠችም፣ አላዘነችልኝምም። የተለመደ መሆኑ እውነት ነው፣ ይዘሽው ኑሪ ማለት ግን አይደለም አለችኝ። በኋላ ሳነብ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈውና በ2023 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ ጥናት በየዓመቱ ቢያንስ 40 ሚሊዮን ሴቶች ከወሊድ የመጣ፣ ለወራት አልፎም ለዓመታት የሚቆይ የጤና ችግር ሊገጥማቸው እንደሚችል ይላል። የወገብ ህመምም ሽንት ማምለጥም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ታዲያ ይሄን ሁሉ ሴት ማን ይጠይቃታል?

በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስዳ ከአዋላጅ ነርሷ ጋር አገናኘችኝ፤ ማህፀኔ አለመውረዱ በምርመራ ታየ። የዓይኔን የታችኛውን ቆብ ገልጣ አይታ ስለነበር ደም እንድመረመርም አድርጋለች። ደም ማነስ ተገኘብኝ። የአይረን ክኒን ታዘዘልኝ፤ ምግብ ላይ ሻይና ቡና መጠጣት አይረኑ እንዳይገባ ስለሚያደርግ አራርቄ እንድጠጣ ነገረችኝ። ቡናን ማራቅ ከሁሉ የከበደኝ ትእዛዝ ነው፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

ዋናው ግን እንቅስቃሴው ነው። ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከስር ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። በእርግዝናና በምጥ ይለጠጣል፣ እንደ ማንኛውም ጡንቻ ደግሞ ሲያሠሩት ይጠነክራል። "ሽንትሽንም ፈስሽንም አንድ ላይ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው" አለችኝ። ፈስ ስትል የተሽኮረመምኩት እኔ ነኝ። እስከ አምስት መቁጠር፣ መልቀቅ፣ ያንኑ ያህል ማሳረፍ። አስር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ትንፋሽ አይያዝም፣ መቀመጫም አይጨበጥም። ሽንት እየሸኑ መለማመድም አይገባም። ቢያንስ ሦስት ወር ሳትሠሪ "አልሠራልኝም" እንዳትዪኝ ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሳልታይ ታክሲ ውስጥ እሠራዋለሁ። ከአራብሳ መገናኛ ያለው መጨናነቅ ለአንድ ነገር ጠቀመ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ስትመጣ ባለቤቴ ቤት ነበር። እኔን ትታ እሱን ያዘችው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲሸከሙት ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው ከስር ጡንቻው ላይ ነው ብላ አስረዳችው። "ወንድሜ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውሃው ያንተ ነው" አለችው። እሱም እሺ አለ። እኔ ብለው "እስቲ ትንሽ ቆይ" ነበር የሚለኝ! እሱ በሌለበት ቀን ግማሽ ጀሪካን ብቻ፣ ስነሳም ትንፋሼን እያወጣሁ።

ጨርሶ ጠፋልኝ አልልም፤ ጉንፋን ሲይዘኝ ይሞክረኛል። ግን ገመድ ዝለዪ ቢሉኝ የምዘል ይመስለኛል፣ ቅዳሴውንም ቆሜ እጨርሳለሁ።

ፈቅዳልኝ የምጽፈው የአንዲት ጎረቤቴም ታሪክ አለ። ከወለደች ወራት አልፏታል፤ ሌሊት አትተኛም፣ ዝም ብላ ታለቅሳለች፣ ልጇን ማቀፍ ሰልችቷታል። አማቷ ጠበል ሊወስዷት ተነስተው ነበር። ሲስተር "እማማ፣ ጠበሉን አልከለክልዎትም፤ ነገ ጠዋት ግን ከእኔ ጋር ጤና ጣቢያ ትሂድ፣ እርስዎም አብረውን ይምጡ" አለቻቸው። ሄዱ። እዚያ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴን ለመለየት የሚጠቅመውን፣ አስር ጥያቄ ያለውን የኤድንብራ መጠይቅ ሞሉላት። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው፤ እስከዚያ ቀን ማንም ያን አልጠየቃትም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ነው ተባለ፣ ክትትልም ጀመረች። አሁን ልጁን ይዛ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስትሞቅ አያታለሁ። አማቷም የቀጠሮውን ቀን የሚያስታውሱት እሳቸው ሆነዋል።

ሲስተር ለሁላችንም የምትለው፦ ከታች የሚወርድ ወይም የሚከብድ ነገር ከተሰማ፣ ሰገራ መያዝ ካቃተ በእንቅስቃሴ ብቻ አይታለፍም፣ ምርመራ ያስፈልጋል። ከረጅም ምጥ በኋላ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ሽንት የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ፌስቱላ (በምጥ ምክንያት ፊኛውና ብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው አዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆስፒታል በነፃ ያክማል። ገጠር ያለች እህት ወይም ዘመድ ካለቻችሁ ይሄን ንገሯት።

ቅሬታ አታጪም ካላችሁኝ አንድ አለኝ። የምትዞረው በሥራ ሰዓት ስለሆነ ቢሮ የምንውል ሴቶች ብዙ ጊዜ አናገኛትም፤ የምትይዘው ቤት ብዛትም ለአንድ ሰው ይበዛል። ይሄ የእሷ ጥፋት አይደለም፣ ወረዳው ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ቤት ካላገኘቻችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ "የእኛ ብሎክ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማን ናት?" ብላችሁ ጠይቁ። የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን ያዙ። አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ያላችሁም እንደዚሁ፤ የእናንተን ሰፈር የምትዞር ባለሙያ አለች። ለምክሯ አይከፈልም። ልጄ አድጓል፣ አሁን ምን ብዬ ልሂድ አትበሉ፤ እኔም የሦስት ዓመት ልጅ ይዤ ነው የጀመርኩት።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ስትመጪ ቡና ሳትጠጪ አትወጪም። እኔ ከምግብ አራርቄ ነው የምጠጣው፣ አትቆጪኝ።