ሰሜን ተራሮች ወይስ ባሌ? 3 ወይም 4 ቀን ብቻ ላላችሁ

3 ወይም 4 ቀን ብቻ ካላችሁ መጀመሪያ መንገዱን አስሉ። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ሩቅ ናቸው፣ መኪና ውስጥ የሚያልቀው ሰዓት ደግሞ ከእግር ጉዞው ላይ ነው የሚቀነሰው።

ባሌ በመኪና አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዳማ ፈጣን መንገድ ወጥታችሁ አሰላን፣ በቆጂን፣ ዶዶላን፣ አዳባን አልፋችሁ ዲንሾ ትገባላችሁ፣ የፓርኩ ጽህፈት ቤትም እዛው ነው። ሮቤ ኤርፖርት አለ፣ ግን በረራው ከናንተ ቀን ጋር መግጠሙን ቀድማችሁ እዩ። ሰሜንን ለአጭር ጉዞ ከአዲስ አበባ በመኪና እሄዳለሁ ማለት በቃ ቀኑን መንገድ ላይ መጨረስ ነው። በፕሌን ጎንደር ትገባላችሁ፣ ከዛ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደባርቅ ላይ ተመዝግባችሁ፣ ክፍያ ጨርሳችሁ፣ ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ)ና ጋይድ ይዛችሁ ወደ ሳንቃበር ካምፕ ትወጣላችሁ።

እዚህ ላይ የጸጥታውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ግጭት አለ፣ መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደባርቅ ያለ ጋይድ ጋር ደውላችሁ የዛን ሳምንት ሁኔታ ጠይቁ፣ አምና የሄደ ጓደኛ የነገራችሁ ለዘንድሮ አይሰራም። ለባሌም እንደዛው፣ ኦሮሚያ ውስጥም መንገዱን ሳይጠይቁ መውጣት ጥሩ አይደለም። ከአሜሪካ ወይ ከአውሮፓ የምትመጡ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁን አንብቡት፣ የምትኖሩበት አገር መንግስት "አትሂዱ" ያለው ቦታ ላይ ብዙዎቹ አይከፍሉም።

አሁን ወደ ተራራው። ሰሜን የገደል አገር ነው። ከሳንቃበር ተነስታችሁ የጅንባርን ፏፏቴ አይታችሁ ግጭ ካምፕ ታድራላችሁ፣ በማግስቱ እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ ላይ ትወጣላችሁ፣ 3,926 ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ስትቆሙ ሶስቱም አቅጣጫ ገደል ነው፣ ከስር ያሉት ተራሮች ደግሞ እየተደራረቡ እስከ ዓይን ማለቂያ ይሄዳሉ። ከዛ ጨነቅ ካምፕ ወርዳችሁ ታድራላችሁ፣ በጠዋት ዋልያ ለማየት ከጨነቅ የተሻለ ቦታ የለም። ዋልያ እኮ በዓለም ላይ ያለው እዚሁ ሰሜን ብቻ ነው! ጭላዳ ግን ፍለጋም አያስፈልገው፣ መቶ ሁለት መቶ ሆኖ ሳር ሲግጥ መሀላቸው ትቀመጣላችሁ፣ ብቻ ምግብ አትስጧቸው። ራስ ደጀንን በዚህ ጉዞ ውስጥ አትክተቱት፣ ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል፣ አቅም ከተረፋችሁ ከጨነቅ ቧሂት ተራራ ውጡ፣ 4,430 ሜትር ስለሆነ እሱም ቀላል አይደለም።

ባሌ ሌላ ዓይነት ነው፣ የሚገርመው ለውጡ ነው። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን በቅርብ ታያላችሁ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘው ወንዱ ከጥድና ከኮሶ ዛፍ መሀል ሲወጣ ማየት ብቻውን መንገዱን ይክሳል። ከዛ በመኪና ሳነቴ አምባ ትወጣላችሁ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፣ ጅብራ የሚባለው ተክል በየቦታው ቆሟል፣ ቀይ ቀበሮው ደግሞ በቀን አይጥ ሲያድን ታዩታላችሁ። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሀሳባችሁ ቀበሮ ከሆነ ማወዳደሩም አያስፈልግም፣ ባሌ ሂዱ። ሳነቴን ስታቋርጡ መንገዱ ቁልቁል ሐረና ጫካ ይገባል፣ ጠዋት ብርድ ላይ የነበራችሁ ሰዎች ከሰዓት የጫካ ቡና ስር ትሄዳላችሁ። መኪናውን ትታችሁ በእግር መሄድ የምትፈልጉ ደግሞ ከዲንሾ የዕቃ መጫኛ ፈረስ ተከራይታችሁ ወደ ወብ ሸለቆ ግቡ፣ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ጋ ድንኳን ተክላችሁ እደሩ፣ ባሌ ውስጥ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ጸጥታው፣ ፈረሰኞቹ፣ ሰዉ ሲቀበል ያለው ነገር! ጭኮ (ከገብስና ከቅቤ የሚሰራ ምግብ) ከቀረበላችሁ እንዳታልፉት።

ዩኔስኮ ሰሜንን የመዘገበው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፣ ባሌን ደግሞ በ2023። ይሄ የዕድሜ ልዩነት ሰሜን ላይ ይታያል፣ የታወቁ ካምፖች አሉ፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ነጂው፣ ስካውቱ ስራውን የለመደ ነው፣ ለጀማሪ ይቀላል። ባሌ ላይ ግን የምትበሉትንም የምትተኙበትንም አብዛኛውን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

ወጪው ላይ፣ ሰሜን የፕሌኑ ትኬት ስላለ ለአንድ ሰው ከበድ ይላል፣ ባሌ አራት ሆናችሁ መኪና ብትካፈሉ ይረክሳል። ሁለቱም ጋ የመግቢያ፣ የጋይድ፣ የበቅሎ ወይ የፈረስ ተብሎ ለየብቻ ስለሚከፈል ዋጋውን በሙሉ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ካሽም ያዙ።

ብርዱ ሁለቱም ጋ አንድ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጥሩ ስሊፒንግ ባግ የሌለው ሰው አይተኛም። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናብና ጉም ነው፣ ለሰሜን በተለይ ገደሉ ካልታየ ምን ዋጋ አለው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ አዲስ አበባ የምትኖሩ ሎንግ ዊኬንድ ያገኛችሁ ባሌ ሂዱ። ለጥምቀት ጎንደር የምትገቡ ዲያስፖራዎች ደግሞ መንገዱ ሰላም ከሆነ በዓሉ ሲያልቅ ሰሜንን ጨምሩበት፣ በጥር ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ግን ከዋሽንግተን ወይ ከዱባይ መጥቶ ወዲያው 4,000 ሜትር መውጣት ራስ ያዞራል፣ መጀመሪያ ጎንደር ወይ ዲንሾ አንድ ሌሊት እደሩ። ወላጆች ወይ ልጆች አብረው ካሉ ባሌ ነው፣ ምክንያቱም ሳነቴ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ድረስ፣ መኪና ይወጣል፣ እናንተ ሳነቴ ላይ በእግር ስትሄዱ እነሱ በመኪና ቀድመው ይጠብቋችኋል።