ልጄ ክረምቱን የተማረበት የበጎ አድራጎት ስልጠና፣ ደሴ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ

ሰላም ናችሁ ወላጆች። ባለፈው ክረምት ልጄን የበጎ አድራጎት ስልጠና አስገብቼው ነበር፣ 14 አመቱ ነው፣ 8ኛ ክፍል ጨርሶ ነበር። ሰፈር ውስጥ እንዴት ነው እንዴት ነው ሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም፣ ቅር ያሰኘኝንም ስለምጽፍ።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁን ልጨርስ። ሁለት ወር ነው፣ በሳምንት ሶስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ ይቀበላሉ፣ እኔ የከፈልኩት 500 ብር ነው። ቦታው ፒያሳ አካባቢ አንድ አዳራሽ ነው፣ ከየትም በባጃጅ ይደረሳል። አዳራሹ ግን ይበርዳል፣ የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ሲቆም መስታወት የሌለው መስኮት ስር ሁለት ሰአት መቀመጥ ከባድ ነው፣ ወፍራም ነገር አልብሳችሁ ላኩ።

ለምን አስገባሽው ላላችሁኝ፣ ነገሩ ከ2013 ነው ሚጀምረው። ከዛ አመት ክረምት ጀምሮ በጦርነቱ ከራያ ከቆቦ ከወልድያ የተፈናቀለ ሰው ደሴን ሲሞላት፣ ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሲሆኑ፣ ሰው ከቤቱ እንጀራ እየጋገረ ወጥ እየሰራ ሲያመላልስ ነበር፣ እኔም የአቅሜን አድርጌያለሁ። ከዛ ጥቅምት 2014 ላይ ተራው ለኛ ደረሰ፣ ልጆቻችንን ይዘን ደብረ ብርሃን ገባን። እዛ ሁለት አይነት መስጠት አየሁ። አንዱ ቀን ዘይትና ዱቄት ሊሰጡን አሰልፈውን ዘይቱን ከፍ አድርገሽ ያዥው ብለው ፎቶ አነሱኝ፣ ልጄ 10 አመቱ ነው፣ ቀሚሴን ይዞ ቆሟል። ሌላ ቀን ደግሞ ማታ በር ተንኳክቶ ስከፍት ብርድ ልብስ ታጥፎ ደፉ ላይ ተቀምጧል፣ ያስቀመጠችው ሴትዮ ጀርባዋን ነው ያየሁት። ልጄ እንዴት እንደሚሰጥ ይማር ያልኩት ከዛ ቀን ጀምሮ ነው፣ መስጠት ብቻውን አደለም፣ እንዴት የሚለውን።

ወደ ስልጠናው ልመለስ። የመጀመሪያው ሳምንት አላረካኝም፣ ፓወርፖይንት በዛበት። ውጪ ሀገር ወጣቶች እንዴት እንደሚሰለጥኑ ምናምን፣ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ኬሎግ ፋውንዴሽን በየከተማው ላሉ የእርዳታ ፈንዶች ብር ሲሰጥ የወጣቶች ምክር ቤት አቋቁሙና ብሩ የት እንደሚሄድ ልጆቹ ይወስኑ ብሎ ነው የሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ነው አሉ። ሀሳቡን ወድጄዋለሁ፣ እዚህም ያደረጉት እሱኑ ነው፣ ግን ሶስት ቀን ሙሉ እሱን ከማየት ይልቅ ቶሎ ወደኛው ቢመጡ ጥሩ ነበር። ምክንያቱም ወደኛው ሲመጡ ልጄ ሌላ ሰው ሆኖ ነው ቤት የገባው።

አይጠየፍ አዳራሽ ወሰዷቸው። ንጉሥ ሚካኤል ያሰሩት ግብር ማብያ ነው፣ ደሃ ሀብታም ሳይባል አንድ ላይ ሚበላበት ስለሆነ ነው አይጠየፍ የተባለው፣ ልጄ እዚሁ ከተማ ተወልዶ አድጎ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ገና ያኔ ሰማ። የክብር ዶክተር አበበች ጎበናንም ታሪክ ነገሯቸው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም መጥተው በድርቁ ሰው እንደቅጠል ሲረግፍ አይተው ሁለት ህጻናት ይዘው አዲስ አበባ እንደተመለሱ፣ በአመቱ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 እንደደረሱ። "እማዬ ግሸን እኮ እዚሁ አምባሰል ነው" አለኝ፣ ከሩቅ ሀገር ሚመጣ ነገር መስሎት ነበር በጎ አድራጎት ማለት።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የቂሬው (የእድሩ) ቀን ነው። አንድ በእድሜ የገፉ የቂሬ ሰብሳቢ መዝገባቸውን ይዘው መጥተው ልጆቹን ከበው አስቀመጡና ገጽ በገጽ አሳዩዋቸው፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ድንኳኑ ለማን ወጣ፣ ወንበሩ ስንት ተመለሰ። አንዱ ልጅ "አባባ መክፈል ያቃተው ሰው ሲሞትበትስ?" ብሎ ጠየቀ፣ እሳቸው ድንኳኑ ይተከላል፣ ስለ ብሩ ሌላ ቀን እናወራለን፣ ለቅሶ ቤት ሒሳብ አይነሳም አሉት። ልጄ ይሄን ሶስቴ ነው የነገረኝ። ዘካ ከመቶ ሁለት ተኩል፣ አስራት ከአስር አንድ፣ የሚለውንም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ እርስ በርስ ሲያስረዳ ዋለ፣ ወሎ ላይ ይሄ ብርቅ አደለም ግን ቁጥሩን ከነምክንያቱ ቁጭ ብለው ሲማሩት ደስ ይላል።

ከዛ ዋናው ነገር መጣ። ልጆቹን በቡድን ከፍለው ለየቡድኑ 6,000 ብር ሰጧቸው፣ የልጄ ቡድን 11 ናቸው። የት እንደሚውል እናንተ ወስኑ፣ ግን ሄዳችሁ ሳትጠይቁ አንድ ብር አታወጡም ተባሉ። እነሱ መጀመሪያውኑ ደብተር ገዝተን ለተቸገሩ ተማሪዎች እንስጥ ብለው ጨርሰው ነበር፣ ማንም ልጅ ሚያስበው እሱን ነው። ትምህርት ቤቱ ሄደው አንዷን መምህርት ሲያናግሩ ደብተር በመስከረም ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ጥር ላይ ሲያልቅ ነው ማንም ማይኖረው፣ ደግሞ ሞዴስ አጥተው በወር ሁለት ሶስት ቀን ሚቀሩ ሴት ልጆች አሉ አለቻቸው። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ አሉ። እና ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ብሩን አሁኑኑ አውጥተን እንጨርሰው፣ ሰው እየተቸገረ ብር ይዞ መቀመጥ ምንድነው ይላል፣ ግማሹ ለጥር እናቆይ ይላል፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ፣ ልጄ እራት ላይ ሳይቀር እኛን ያከራክረን ነበር። አሰልጣኟ አልወሰነችላቸውም፣ ዝም ብላ እንዲጨርሱት ተወቻቸው፣ እኔ ለዚች ልጅ ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ እኔ ብሆን ሁለተኛው ቀን ላይ ነበር ምወስንላቸው።

በመጨረሻ መስከረም ላይ ለ26 ሴት ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ሞዴስ በ70 ብር፣ አንድ ሳሙና በ30 ብር ገዙ፣ 2,600 ሆነ፣ ሰኞ ገበያ ድረስ ሄደው ተከራክረው ነው የገዙት። እቃውን ለመምህርቷ ሰጧት፣ እሷ በየግል ጠርታ እንድትሰጥ፣ ይሄንንም ያሰቡት እራሳቸው ናቸው። 3,400 ለጥር ቀረ።

18 አመት የሞላቸውን ልጆች ደግሞ ደም ባንክ ወስደዋቸዋል፣ ከ45 ኪሎ በታች ስለማይቻል አንዷ ሳትሰጥ ተመለሰች። የልጄ እድሜው ስለማይደርስ ወላጅ አምጡ ተባሉ፣ እኔ በህይወቴ መጀመሪያ የሰጠሁት ያኔ ነው፣ ከዛ ወዲህ በየሶስት ወሩ እሄዳለሁ።

አሁን ያልወደድኩትን። አንደኛ፣ ፎቶ። አንድ ሌላ ቡድን የአንዲት እናት ቤት ጣራ ሲያድስ አስተባባሪዎቹ ባነር ይዘው መጥተው እማማን ባነሩ ስር አቁመው አነሷቸው፣ ፎቶው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሲለቀቅ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቢሮ ሄጄ የራሴን ነገር ነገርኳቸው፣ አዳመጡኝ፣ ፎቶውን አነሱት፣ ይቅርታም ጠየቁኝ። በሁለት ሳምንቱ ሌላ ቦታ ደገሙት። ስፖንሰር ፎቶ ይፈልጋል አሉኝ። ከመጡት ልጆች ውስጥ ተፈናቅለው እዚሁ የቀሩ እንዳሉ እያወቁ ይሄን ማድረጋቸው በጣም አሳዝኖኛል፣ እነዛ ልጆች ባነሩን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። ስራውን ፎቶ አንሱ፣ ጣራውን፣ ቆርቆሮውን፣ የልጆቹን እጅ፣ የተቀባዩን ፊት ተዉት።

ሁለተኛ፣ ሒሳብ። ልጆቹን ለ30 ብር ሳሙና ደረሰኝ አምጡ እያሉ (ትክክል ነው፣ ይሄን ማስተማራቸው እሰየው ነው) እነሱ ግን ከኛ የሰበሰቡት 500 500 ብር ምን ላይ እንደዋለ ለወላጅ አላሳዩም። ጠይቄ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን አሉኝ፣ አልተለጠፈም። በአዋጅ 1113/2011 እኮ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅት በየአመቱ የስራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ አለበት፣ እኛ ደግሞ ልጆቻችንን የላክን ሰዎች ነን፣ አንድ ወረቀት አያቅታቸውም። የቂሬው አባት መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው መጥተው ያሳዩት እዛው አዳራሽ ውስጥ ነው።

ሶስተኛ፣ ሰርተፍኬት ሰጥተው ይበተናሉ። መስከረም ከገባ በኋላ የደወለ የለም።

ቢሆንም ከ5 4 እሰጣለሁ፣ ለአሰልጣኟ ብቻ ቢሆን 5 ነበር። እህቴ ኮምቦልቻ ነው ምትኖረው፣ እዛ እንደዚ አይነት ስለሌለ ዘንድሮ ልጇን እኔ ጋ አስቀምጣ ልታስተምራት ነው፣ እኔ ነኝ ግፊ ያልኳት። ምታስመዘግቡ ካላችሁ ፎቶውንና ሒሳቡን ጠይቁ፣ ብዙ ሆነን ከጠየቅን ይስተካከላል፣ ሰዎቹ ክፉ አደሉም።

ጥር ላይ ልጆቹ ማንም ሳይጠራቸው ተደዋውለው ተገናኙ፣ 11 ከነበሩት 8ቱ መጡ። መምህርቷ ጋ ሄደው ስንት ልጅ ደብተር እንዳለቀበት ጠየቁ፣ 50 ደብተር በ60 ብር፣ 26 እስክሪብቶ በ10 ብር ገዙ። 140 ብር ተረፈ፣ እሱን ምን እናድርገው ብለው አሁንም እየተከራከሩ ነው፣ ብሩ ልጄ ጋ ፖስታ ውስጥ ነው ያለው፣ ፖስታው ላይ የ11ዱም ስም ተጽፏል።