ለጉልበትና ለልብ ሕክምና ህንድ፣ ታይላንድ ወይስ ቱርክ?

ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ያሉ ወዳጆቼ፣ እናታቸው ጉልበቷን ወይም አባታቸው ልቡን በታመመ ቁጥር «የት አገር ብናሳክም ይሻላል?» ብለው ስለሚጠይቁኝ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ መርጫለሁ። ሕክምናው በአገር ውስጥ ካልተገኘ ወይም ወረፋው ሕመሙ የማይታገሠው ያህል ረጅም ከሆነ ህንድን እመርጣለሁ፤ ታይላንድ ገንዘብ ለተረፈው ነው፤ ቱርክን ለእነዚህ ሕመሞች አልመክርም።

ለአንድ ጉልበት ቅየራ ህንድ ውስጥ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ባንኮክ ላይ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 6 ሺህ ዶላር ማለት 342 ሺህ ብር ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ያው ቀዶ ሕክምና ከ600 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ባሕር ዛፉን ሸጦና እቁቡን ቀድሞ ወስዶ የሚነሣ ቤተሰብ ቲኬቱን፣ የአስታማሚውን ማደሪያና ቀለብ፣ ከተመለሱ በኋላ ያለውን ክትትልም አብሮ መደመር አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር እዚህ ላይ አያገለግልም።

የህንድ ርካሽነት ምክንያት አለው። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2017 በስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) እና በሰው ሠራሽ የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ያኔ መድኃኒት የተቀባው ስቴንት በ29,600 ሩፒ፣ በብዛት የሚገጠመው ኮባልት ክሮሚየም ከሚባል ብረት የተሠራ ጉልበት ደግሞ ታክሱን ሳይጨምር በ54,720 ሩፒ ተወሰነ። ሆስፒታሉም የዕቃውን ስምና ዋጋ በደረሰኙ ላይ ለይቶ የመጻፍ ግዴታ አለበት። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ከፍቶ የሚያይ ሰው፣ በእናቱ ጉልበት ውስጥ የሚገባውን ብረት ስም ሳይጠይቅ ሲከፍል ማየት ይገርመኛል።

ባንኮክ በጥራት አትታማም፤ ቡምሩንግራድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2002 የሆስፒታሎችን ጥራት የሚመዝነውን የጄሲአይን ዓለም አቀፍ ዕውቅና በእስያ ቀድሞ ያገኘ ነው። ሆኖም ይኸው ዕውቅና ያላቸው ሆስፒታሎች ህንድም ስላሏት፣ ትርፉ ክፍያ ባመዛኙ የምቾት ነው። ኢስታንቡል ለፀጉርና ለጥርስ የለመደችው የጥቅል ዋጋ ሆቴሉን፣ አስተርጓሚውንና ሕክምናውን በአንድ ስለሚያስር የቱ ለምን እንደተከፈለ አይታወቅም፤ ቱርክን የማልመክረውም ለዚህ ነው።

ከአገሩ ምርጫ ይልቅ ገንዘብ የሚበላው ደላላው ነው። በዋትስአፕ የሚላከው ፕሮፎርማ ማነስ ሥራው ስለሆነ፣ ደም፣ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ተጨማሪ ቀንና የመገጣጠሚያው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከውጭ ይቀራሉ። አንድ ዘመዴን ያሳከመ፣ ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል በፕሮፎርማው ያልነበረ ሂሳብ ያመጣው ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነበር። ኤምአርአይ ተነሥቶ ፊልሙን ብቻ ይዞ የሄደም እዚያ ድጋሚ ተነሥቶ ድጋሚ ከፍሏል፤ ሲዲውን መቀበል አይረሳ። ሽሮና በርበሬ ይዞ ሄዶ ከሆስፒታሉ አጠገብ ወጥ ቤት ያለው ቤት የሚከራይ አስታማሚ ግን ብዙ ያተርፋል።

ኩላሊትን በተመለከተ ምርጫዬ ይለወጣል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ንቅለ ተከላ ሲሠራ ስለኖረ፣ መጀመሪያ የእሱን መልስ መስማት ይገባል። ህንድም ብትሆን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የአካል ንግድን በሕግ ስለከለከለች ለጋሹ ዝምድናውን በሰነድ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ «ለጋሽ እዚያው እናገኝላችኋለን» የሚል ደላላ የሚወስደው ወደ ወንጀል ነው። ከንቅለ ተከላው በኋላ የሚዋጠው መድኃኒት ደግሞ የዕድሜ ልክ ወጪ ነው።

ለጉልበትም ሆነ ለልብ፣ ሲመለሱ ስፌቱን የሚያይና መድኃኒቱን የሚያስተካክል ሐኪም ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ የማያውቀውን የሌላ ሐኪም ሥራ ለመቀበል የሚያመነታ ስለሚበዛ፣ ይህ ሰው ሳይገኝ ቲኬት አይቆረጥ።