የድራይቭ ፊደል ወይስ ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ?

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ስክሪፕት (ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች የያዘ ፋይል) በኔትወርክ ላይ ያለ የጋራ ፎልደርን አንዴ አግኝቶ ሌላ ጊዜ ሲያጣው፣ ከኬብሉ በፊት ፎልደሩ የተጠራበትን መንገድ መመርመር ይገባል። ለጋራ ፎልደሩ እንደ አቋራጭ ስም የሚሰጠው የድራይቭ ፊደል፣ ለምሳሌ «ዜድ»፣ የሚታወቀው ተጠቃሚው በገባበት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ብቻ በመሆኑ፣ ማንም ሳይገባ ሌሊት የሚነሣው ስክሪፕት መንገዱን አጥቶ ይቆማል፤ ጠዋት በእጅ ሲሞከር ግን ያለ እንከን ይሠራል (ብዙዎቻችን የምንታለለውም እዚህ ላይ ነው)። በሁለት የኋሊት ሰረዝ ጀምሮ የሰርቨሩንና የፎልደሩን ስም የሚጠራው ሙሉ አድራሻ በዚህ ፊደል ላይ ስለማይመረኮዝ ለሰርቨር ሥራ እሱን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ስክሪፕቱን የሚያስኬደው አካውንት በፎልደሩ የማጋሪያ ቅንብርም በፋይል ሥርዓቱም ላይ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የኮማንድ መስኮት ይህን አድራሻ እንደ መነሻ ፎልደር አይቀበልም፤ «ፑሽዲ» የሚለው ትእዛዝ ግን ጊዜያዊ ፊደል ሰጥቶ ያሳልፈዋል።