ሌዘር ብዬ ገዛሁ፣ ሬት ሆነብኝ

ደሜ ገና እየፈላ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ነገሩ ቢዘበራረቅባችሁ ይቅርታ።

የሆነው ትናንት ነው። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ከመኪናዬ ወንበር የቆረጥኳት፣ መዳፍ የምታክል ጥቁር ቁራጭ ተቀምጣለች። በፊቷ በኩል ስታዩዋት ሌዘር ናት። የቆዳ መስመር አላት፣ ትሸበሸባለች፣ ሽታዋም የሌዘር ነው። ስትገለብጧት ግን ጀርባዋ ነጭ ካልሲ የመሰለ ሹራብ ነው። ለዚህች ነው ጭማሪ የከፈልኩት።

የምፈልገው ባለሁለት ወንበር ትንሽ ስፖርት መኪና ነበር፤ ያገለገለ። መሸጫው ግቢ ውስጥ ሁለት ቆመዋል። ሞዴላቸው አንድ፣ የተሠሩበት ዓመት አንድ፣ ቀለማቸው እንኳ አንድ። ልዩነታቸው ወንበሩ ብቻ ነው። አንደኛዋ ፋብሪካው ያለበሳትን ጨርቅ እንደለበሰች ናት፤ ግራጫ ዳማ፣ ቀጭን ቀይ መስመር የሚያልፍበት። ሁለተኛዋ ጥቁር ሌዘር፣ በቀይ ክር የተሰፋ። የሁለተኛዋ ዋጋ ከፍ ይላል።

እኔ የሄድኩት ለጨርቋ ነበር። ይህን አስምሩልኝ።

ምክንያትም ነበረኝ። የጓደኛዬን ባለሌዘር መኪና ነድቼ አውቃለሁ። ኩርባ ላይ ጠበቅ አድርገህ ስትገባ መኪናዋ ትዞራለች፣ አንተ ግን ወንበሩ ላይ ትንሸራተታለህ። ያኔ ጉልበትህን በሩ ላይ ታስደግፋለህ፤ መሪውን የሙጥኝ ትላለህ። መሪ የሚያዘው ደግሞ ለመዞር እንጂ ላለመውደቅ አይደለም። ጨርቅ ልብስህን ይዞ ያስቀርሃል። ላብም ያሳልፋል። ፀሐይ ላይ የዋለ ሌዘር ጭን ያቃጥላል፣ በብርድ ጠዋት ደግሞ ድንጋይ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ሌዘር የሚበልጥበት ነገር የለም አልልም። የሆነ ነገር ቢፈስበት ጠረግ ታደርገዋለህ፤ ጨርቅ ግን ይመጠውና እድፉ ይቀራል። የውሻ ፀጉርማ ጨርቅ ላይ ከሰፈረ አይነቀልም። እኔ ግን ውሻ የለኝም። ኩርባ ነው የምወደው።

ደግሞስ ጨርቅ የድሃ ወንበር ነው ያለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የፎልክስቫገን መኪና፣ የመጀመሪያው ጎልፍ ጂቲአይ፣ ወንበሩ ዳማ ጨርቅ ነበር። የመረጠችው ጉንሂልድ ሊልየክቪስት የምትባል የፎልክስቫገን ዲዛይነር ናት፤ የማርሹ እጀታ ላይ የጎልፍ ኳስ ያስቀመጠችውም እሷው ናት። ፖርሽም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 911 በሚባለው መኪናው ላይ ፔፒታ የሚባለውን ጥቁርና ነጭ የተሰባጠረ ጨርቅ ያቀርብ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሻጩ ነገርኩት። አዎ፣ ግቢው መሐል ቆሜ ስለ ጎልፍ ኳስ አስረዳሁት። ጅልነቴ እዚህ ይጀምራል። እውቀቴን ያሳየሁት መስሎኝ የት ጋ እንደሚያመኝ ነው ያሳየሁት። አዋቂ መባል እንደምወድ ወዲያው ገባው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ጫማው ያበራል። ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ስምህን ጠይቆ ሳይጨርስ "ወንድሜ" ይልሃል። ተናግሬ እስክጨርስ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ዞር አለና ባልደረባውን ጠራው።

"ና እስቲ ስማ። ጨርቅ ነው የሚፈልገው።"

"የቱን? ስፖርቷን?"

"ስፖርቷን። በጨርቅ።"

ሁለቱም ሳቁ። ክፉ ሳቅ አይደለም። ሕፃን ልጅ ቃል ሲያጣምም የሚሳቀው ዓይነት ነው። "ወንድሜ፣ ስፖርት መኪና በጨርቅ ማለት እኮ ሱፍ ለብሶ በነጠላ ጫማ መውጣት ነው" አለኝ። ባልደረባው ደግሞ "ነገ ልሽጣት ብትል ዞሮ የሚያያት የለም" ብሎ ጨመረበት። ሙድ እየያዙብኝ ነው። ገብቶኛል። ግን ሠራ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ዓመት ሙሉ ሳስብበት የነበረውን ነገር በሁለት ሰው ሳቅ ቀየርኩት።

የሌዘሯን በር ሲከፍተው የአዲስ ቆዳ ሽታ ፊቴን ገጨኝ። (ሽታው በጠርሙስ ተሽጦ እንደሚረጭ አሁን አውቄያለሁ።) ወንበሩ ያብረቀርቃል። ሻጩ ከኪሱ ላይተር አወጣና እሳቱን በመቀመጫው ላይ ሽው አድርጎ አሳለፈው። "አየህ? ሌዘር አይቃጠልም።" ራሴን ነቀነቅኩ። የራሴን ጣት በሻማ ላይ እንዲያ ባሳልፈው አይቃጠልም እኮ። ያን ሰዓት ይህ ሐሳብ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

"ማታ ሊያያት የሚመጣ ሰው አለ" ሲለኝ ደግሞ ጨረሰኝ። ይህቺን ዘዴ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቃት። ብተርካት እንኳ እየሳቅኩ ነው። ያን ቀን ግን ማታ የሚመጣው ሰውዬ ታየኝ፤ ቁመናው ሁሉ ታየኝ። ጭማሪውን ከፈልኩ። ወረቀቱን ፈረምኩ። ወረቀቱን እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የነጭ ሸሚዜ ጀርባ ጠቆረ። ወንበሩን ያሳመሩበት ቅባት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጀርባዬ በላብ መጣበቅ ጀመረ። ኩርባ ላይማ ሳሙና ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነው። "ሌዘር እንዲህ ነው፣ ትለምደዋለህ" አልኩት ራሴን። ሰው የከፈለበትን ነገር መክሰስ ይከብደዋል።

ትናንት ጠዋት ከመኪናዋ ስወርድ ነው የሆነው። እነዚህ መኪናዎች መሬት ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም፤ ሰው ከነሱ አይወርድም፣ ተንከባሎ ይወጣል። ስትወጣ ጭንህ የወንበሩን ክንፍ፣ ያን ኩርባ ላይ ወገብህን አቅፎ የሚይዘውን እብጠት፣ ፈትጎት ያልፋል። ያገለገለ ስፖርት መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው በሹፌሩ በር በኩል ያለው ክንፍ የሆነው ለዚህ ነው። ስወጣ "ጠጭ" አለ። ሱሪዬ መስሎኝ ዳበስኩ። ሱሪዬ ደህና ነው።

ጎንበስ አልኩ። ቀዩ ስፌት ሁለት ጣት ያህል ተከፍቷል። ከሥሩ ቢጫ ስፖንጅ ነበር የጠበቅኩት። ግራጫ ነገር ነው ያየሁት። ጣቴን አስገብቼ ገለጥ አደረግኩ። የደረቀ ማስቲሽ እንደ ሸረሪት ድር እየተጎተተ መጣ። ትንሽ ገለጥኩ። ቀጭን ቀይ መስመር። ደግሞ ገለጥኩ። ሌላ ቀይ መስመር፣ የመጀመሪያውን የሚያቋርጥ።

ዳማው ነው። ያ ጨርቅ። ግቢው ውስጥ ትቼው የመጣሁት፣ ያፈርኩበት ጨርቅ። የእኔም መኪና ከፋብሪካ የወጣችው እሱን ለብሳ ነው። ከላይ ፕላስቲክ ደርበውበት የምፈልገውን ነገር ከእኔው ደበቁት፤ የመደበቂያውንም እኔን አስከፈሉኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አስፋልቱ ላይ፣ እውነቴን ነው።

ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። የጎን ኤርባግ (ግጭት ሲመጣ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከል ከረጢት) ባላቸው ብዙ መኪናዎች ኤርባጉ የሚወጣው ከወንበሩ መደገፊያ ጎን ነው። እዚያ ቦታ ላይ "ኤርባግ" የሚል ትንሽ ምልክት አለ። ፋብሪካው ያን ስፌት ሆን ብሎ ለብቻው የሚሰፋው ግጭት ሲመጣ፣ ዓይን ሳይርገበገብ፣ ተቀዶ ኤርባጉን እንዲያሳልፍ ነው። የእኔ ምልክት ከሽፋኑ ሥር ተቀብሮ አገኘሁት። በላዩ ላይ በወፍራም ክር የተሰፋ ፕላስቲክ ካለ ኤርባጉ ሊዘገይ፣ አቅጣጫ ሊስት ይችላል። ሦስት ሳምንት እንዲያ ነድቻለሁ። አንድ ቀን የእህቴን ልጅ ጎኔ አስቀምጬ።

ቁራጯን ቆርጬ መጀመሪያ የሄድኩት ጓደኛዬ ጋ ነው፤ ያ ባለሌዘሩ። የእሱን ወንበር ከታች በኩል ገልጦ አሳየኝ። የእውነተኛ ቆዳ ጀርባ ሻካራ ነው፣ ጭረት ጭረቱ ይታያል፤ ሹራብ የሚባል ነገር የለውም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "ጨርቅ ልገዛ ነው ብለኸኝ አልነበር?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ መሸጫው ሄድኩ። ሻጩ ሲያየኝ አልተነሳም። ስልኩን እየጎረጎረ "ወንድሜ" አለኝ፤ ስሜ ጠፍቶበታል። ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በሁለት ጣቱ አነሳት፣ አሸት አሸት አደረጋት።

"አሪፍ ዕቃ ነው። ክሩ ነው የላላው።"

"ሌዘር ነው ብለኸኛል።"

"ማን ነው ያለህ?"

መሳቢያውን ሳብ አድርጎ የፈረምኩትን ወረቀት አወጣ። አልፈለገውም፤ ከላይ ነበር። እንደምመለስ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ ወደ እኔ ገፋው።

"አንብበው።"

"የወንበር ልብስ፦ ሌዘሬት" ይላል።

ስፈርም አይቼዋለሁ። ይህን ከእናንተ አልደብቅም። አይቼው የጽሕፈት ስህተት መሰለኝ። "ሌዘር ሊሉ ፈልገው ነው" ብዬ በሆዴ አርሜላቸው ፈረምኩ። ሌዘሬት ማለት ለካ ሌዘር መሳይ ማለት ነው፤ ሹራብ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ። ቃሉ መጨረሻው ላይ ሬት እንዳለበት በግልጽ ተጽፎልኝ ነበር። ያልቀመስኩት እኔ ነኝ።

"እኔ ያልኩህን ተወው" አለ ሻጩ። "የፈረምከውን ያዝ።"

ይህን ጊዜ ባልደረባው ከወንበሩ ሳይነሳ ጣልቃ ገባ። "ጨርቁን እኮ አልነቀልንብህም። ስትፈልገው የነበረው ጨርቅ አይደል? ይኸው ከሥር አለልህ። ሁለቱንም ነው ያገኘኸው።"

ሳቁ። ያው ሳቅ። የዚያን ቀኑ።

ገንዘቡ አይደለም ያበሳጨኝ ብል ውሸት ነው፤ ገንዘቡም አንጀቴን አሳርሮታል። ግን "ሁለቱንም" የምትለዋ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ስትጮህ አደረች። ስለ ዳማ ጨርቅ ክብር ሳወራላቸው ጨርቁ ሁለት እርምጃ ርቆ ከፕላስቲኩ ሥር እንዳለ ያውቁ ነበር። እያወቁ ነው ራሳቸውን እየነቀነቁ የሰሙኝ።

ሰው ሠራሽ ነገር ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ውድ ስፖርት መኪናዎች ላይ የምታዩት አልካንታራ የሚባለው የወንበር ልብስ እንኳ ቆዳ አይደለም። ፖሊስተርና ፖሊዩሬቴን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ ሚዮሺ ኦካሞቶ የተባለ ተመራማሪ የሠራው። ልብስ ይይዛል፣ ብርሃን አያንጸባርቅም፣ ለዚያ ነው የሚወደደው። መርሴዲስም ኤምቢ-ቴክስ የሚለውን ሰው ሠራሽ ልብስ ለአሥርተ ዓመታት ሸጦታል። ግን በስሙ ጠርተው ነው የሚሸጡት። ከፋብሪካ "ሌዘር" ተብለው የሚወጡት ወንበሮችም ብዙዎቹ ሰውነት የሚነካው ፊታቸው ብቻ ነው ቆዳ፣ ጎንና ጀርባቸው ፕላስቲክ ነው። እሱም ቢሆን ወረቀታቸው ላይ አለ። ለሚያነብ ሰው።

ስወጣ ያቺን ባለጨርቋን በዓይኔ ፈለግኳት። በሷ ልለውጣት ይሆን የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር፤ ጅል ነኝ አላልኳችሁም? እዚያው ቆማለች። በመስኮቷ አጮለቅኩ። ጥቁር ሆናለች። ቀይ ክር።

ውስጧ አንድ ወጣት ተቀምጦ መቀመጫውን በመዳፉ ይዳብሳል። ጎንበስ ብሎ አሸተተው። መስታወቱን ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ሻጩ ከኋላዬ ደረሰ። "ወንድሜ፣ ደንበኛ ይዣለሁ" አለኝ። ላይተሩ እጁ ላይ ነበር።

ለምትገዙ ሰዎች በአጭሩ፦ ወንበሩን ወደ ፊት ገፍታችሁ ከታች ከኋላ በኩል እጃችሁን ስደዱ። የተደረበበት ከሆነ ሁለት ጠርዝ ታገኛላችሁ። የኤርባጉን ምልክት ፈልጉ። ወረቀቱ ላይ "ሌዘር" የምትለዋን ቃል እስከ መጨረሻ ፊደሏ አንብቡ። ሻጩ ላይተር ካወጣ ውጡ።

እኔ ዛሬ ሽፋኑን መላጥ ጀምሬያለሁ። የሹፌሩ ወንበር አልቋል። ጨርቁ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል፣ ቀዩ መስመር እዚህም እዚያም ተበልቷል። መርፌያቸው የኤርባጉን ስፌት ነክቶት እንደሆነ ባለሙያ ሳያየው አልነዳትም። ግን በቆመችበት ገብቼ ተቀመጥኩባት፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ዘመም አልኩ። ያዘኝ። የተሳፋሪው ወንበር ለነገ ነው።