ሐረጎ ላይ የተፈተነ ሞተር

ይህን 150 ሲሲ የህንድ ሞተር ሳይክል የያዝኩት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ዝናቡንም ጭጋጉንም አብረን አሳልፈናል። ኮምቦልቻ እየኖረ ደሴ ለሚመላለስ፣ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ተሰባስቦ እስከ ሐይቅ ለሚዘልቅ ሰው ያየሁትን ልንገር። ሞተር ሊገዛ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቱ ነው። በእኛ መንገድ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፍሬኑ ነው።

ጉልበቱን በአጭሩ ልናገር። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች መንገድ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት እዚህ አትጠብቁ። ብቻዬን ስሆን ሐረጎን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣል። ሰው ካፈናጠጥኩ ሁለተኛ ይፈልጋል። ለእኔ ይበቃኛል።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ትንሽ አስቸግሮኛል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ከልኩ ያልፋል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። ደሴ ያደርን ቀን ጠዋት ቶሎ አይነሳም ነበር። የሰፈራችን መካኒክ ድብልቁን አስተካከለልኝና ተገላገልኩ፤ አሁን በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ወደ ባቲ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ግን ለመካኒኩ አስቀድማችሁ ንገሩት። ለደሴ ተብሎ ቤንዚኑ በጣም የተቀነሰበት ሞተር ቆላ ላይ ይግላል።

ወደ ቁልቁለቱ ልምጣ። እሑድ ማለዳ ከኮምቦልቻ እንነሳለን፣ ደሴ ቡና እንጠጣለን፣ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነድተን ሐይቅ እንገባለን። ውሃው ዳር ዓሣ ጥብስ ይበላል። እስጢፋኖስን የሚሳለም ይሳለማል፣ ዙህር የሚሰግድም ይሰግዳል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ሞተር ጥሩ ነው። ልዩነቱ የሚለየው ስንመለስ፣ ሐረጎን ስንወርድ ነው።

ኩርባው አያልቅም። ከፊት ተሳቢ አለ፣ ከኋላ ሚኒባስ ይጮህባችኋል። በቡድን ስትነዱ ደግሞ የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ ሁሉም ይይዛል። ፍሬኑ ሳያርፍ ይግላል። ከበሮ ፍሬን ሲግል ከበሮው ይሰፋል፣ ከውስጥ ከበሮውን የሚይዘው ሸራም አቅሙ ይቀንሳል፤ ፔዳሉ እየጠለቀ ሲሄድ በእግራችሁ ይታወቃችኋል። የእኔ ሞተር የኋላው ከበሮ ነው፣ የፊቱ ዲስክ። ዲስኩ አየር ስለሚያገኝ ከላይ እስከ ታች አያያዙ አይለወጥም። ሁለቱም ጎማ ላይ ከበሮ ያለው ጓደኛችን ግን መሃል ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ ግድ ሆኖበታል። ሁላችንም አብረነው ቆምን፤ መቆምም ይገባናል።

ዲስክ አለኝ ብሎ መልቀቅ ግን የለም። ሐረጎን የምወርደው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘኛል። ቤንዚን ለመቆጠብ በፍሪ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ መውረድን ቡድናችን ከልክሏል፣ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ። ኩርባ ላይ ተራርቀን አንድ በአንድ እንሄዳለን። አዲስ ነጂ ካለ ከመሪው ቀጥሎ ይሰለፋል፣ መሪውም በእሱ አቅም ልክ ይነዳል። ይህን ከያዛችሁ የሐረጎ ጉዞ ደስ የሚል ነው፤ ታች የኮምቦልቻ ሜዳ በየኩርባው ብቅ ይላል።

ሌላው ሌላው? ካቴናው በክረምት ጭቃ ይላላል፤ ቶሎ ቶሎ ማጥበቅና ዘይት መቀባት ይፈልጋል። የኋላው የፍሬን ሸራ ክረምቱ ሲወጣ አለቀ፣ መለዋወጫው እዚሁ ኮምቦልቻ ይገኛል። መቀመጫው ለሩቅ መንገድ ይደርቃል። ሾኩ ጠጠር ላይ ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩለትም፦ የፊት መብራቱን። ሐምሌና ነሐሴ ደሴን ጭጋግ ሲውጣት ብርሃኑ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ተጨማሪ የጭጋግ መብራት እስካስገጥም ድረስ ክረምት ላይ ከ11 ሰዓት በኋላ ከደሴ አልነሳም፤ ሞተሩን ልሸጥለት የምችለው ሰው ቢመጣም ይህን ሳልነግረው አልሸጥለትም።