የጓሮ ኩሬ ቀበና ላይ፦ ክረምትና በጋ ካየ በኋላ

ኩሬያችን አንድ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ አሳልፏል። የኮሪደር ልማቱ ፏፏቴዎች ከመጡ ወዲህ «እኛም ጓሯችን ብንሠራስ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሁሉም አስቀድሞ የሚጠይቀኝ የዓሣውን ዋጋ ነው። ዓሣው እኮ ከሁሉም ርካሹ ነው! ገንዘቡን የሚበላው ውኃው እንዳይሰርግ ጉድጓዱ ውስጥ የሚነጠፈው ሸራ ነው፤ ከዚያ ደግሞ በየወሩ መብራቱ።

የእኛ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲም ነው። ወደ 1,800 ሊትር ይይዛል። አፉ 3 ካሬ ነው ብሎ 3 ካሬ ሸራ የሚገዛ ሰው ግን ጉድ ይሆናል። ጥልቀቱ ለግራና ለቀኝ ሁለቴ ይደመራል። ዳር ላይ በድንጋይ የሚያዝ 30፣ 30 ሳንቲምም አለ። 3.8 በ3.3 ሲባዛ ከ12 ካሬ ያልፋል። የገዛነው ወፍራሙን ጥቁር ጂኦሜምብሬን ነው፤ ገጠር ውኃ ለማቆር የሚነጠፈውን። ከሥሩ አሮጌ ምንጣፍ አለ፣ ድንጋይ እንዳይበሳው። እስካሁን ጠብ አላለም።

ሲሚንቶ ይሻላል የሚሉ አሉ። ዋልካ አፈር ላይ ለሚኖር አልመክርም። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ሲሚንቶውንም ይዞት ይሰነጠቃል።

ውኃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ 40 ዋት ነው። ቀንና ሌሊት ሲሠራ በወር 29 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ብቻውን ብዙ አይደለም። ግን ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበት ቤት ቢሉ ላይ ይታወቀዋል። ድምፁ አይረብሽም። ችግሩ ወንፊቱ ነው። የአቮካዶው ቅጠል ሲረግፍ የውኃው ግፊት ይደክማል። ያኔ ፓምፑን አውጥቼ እከፍተዋለሁ፤ ውስጡ እንደተቀቀለ ጎመን የላመ ቅጠል ተጠቅጥቆ ይገኛል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቆ መመለስ ነው። ዛፍ ሥር ኩሬ መቆፈር ያሰባችሁ ይህን አስቡበት።

መብራት ሲጠፋ ነው የሚያስጨንቀው፤ ፓምፑ ሲቆም ውኃው አየር ያጥረዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ውኃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሌሊት ደግሞ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ራሱ ኦክስጅን ይሻማል። መብራት አመሻሽ ላይ ጠፍቶ ካደረ፣ ንጋት ላይ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ታያላችሁ። እኔ በጣሳ ውኃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ሥራ ነው ባይባልም አየር ያስገባል። ዓሣ ማብዛት የማይገባውም ለዚህ ነው።

ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ሮቶ የግድ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ቀጥታ አይጨመርም፤ በባልዲ ክፍቱን አንድ ሁለት ቀን እናሳድረዋለን። በበጋ ፀሐይ ግማሽ ሳንቲም የሚወርድበት ቀን አለ፤ 15 ሊትር መሆኑ ነው፣ አንድ ጀሪካን አይሞላም። ክረምት ግን ሰማዩ ይችለናል። 50 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል 500 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳው ወደ ኩሬው ቀጥታ እንዳይፈስ ብቻ፤ የጣሪያ ቆሻሻ ይዞ ይመጣል።

ዓሣ ላይ ምርጫዬ ጎልድፊሽ ነው። «ቆሮሶ አርቡና ጥብስ እንብላ» የሚለኝ ዘመድ አለኝ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሙቀት ይወዳል። በታኅሣሥ ብርድ መብላቱን ይቀንሳል፣ አያድግም። ጥብሱን ከዓሣ ቤት ይብላ።

አንዲት ጎረቤታችን መጀመሪያ ላይ «የወባ መፈልፈያ ልታደርጉን ነው እንዴ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። እውነታቸውን ነው፣ የቆመ ውኃ ትንኝ ይጠራል። ዓሦቹ ግን የትንኝ እጭ ለቅመው ይበላሉ። የኩሬው ፊት ንጹሕ ሲሆን፣ እጭ ያገኘሁት ጥግ ላይ የተረሳ ባልዲ ውስጥ ነው።

ድክ ድክ የሚል ሕፃን ያለበት ቤት ግን ይቅርበት፤ ካልሆነም ከመጀመሪያው የብረት ፍርግርግ ያሠራ። 60 ሳንቲም ለሕፃን ጥልቅ ነው። እኛ የእህቴ ልጆች ስለሚመጡ ከውኃው ፊት ትንሽ ዝቅ አድርገን አስበይደናል። መልኩን ትንሽ ይቀንሰዋል፤ ድመቷንም ግን አስቁሟታል።